ከቀትር በኋላ የሚደርቀው ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተሩ ዛሬም ድርቅ አለ። ሐረግወይን የኪራሙን ሰፋሪዎች የዘር በቆሎ ድምር አጋምሳ ሳለች መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ባለበት ቀረ። ቁልፎቹን ብትደበድብ አይሰማ፣ ብትጠብቀው አይነቃ። አጥፍታ አበራችው፤ የጠዋት ሥራዋ ግን እንዳልነበረ ሆነ።

ጊዜው 1980 ዓ.ም. ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ ሰው እምብዛም አልነበረም። የመሥሪያ ቤቷ ጣሪያ ስለሚያፈስ ዕቃው በከኒሳ ቀሴ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ተቀመጠ፤ ግብርናውም ቡናውም ጤናውም ዲስኬታቸውን እየያዙ እሷ ቤት ይመላለሱ ነበር። ይምጣልን ብላ አለቃዋን ጓድ ሞረዳን የነዘነዘችው እሷ ናት። እሳቸው ደግሞ የካፒታሊስት ዕቃ መቼ ለእኛ ይሠራል ባይ ነበሩ። አሁን ቁርጡን ነግረዋታል፤ ሐሙስ ድምሩ ካልደረሰ ዕቃው ተጭኖ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ እሷም ወደ እርሳስና ላጲሷ።

መጀመሪያ የጠረጠረችው መብራቱን ነበር። ማዶ ያለው ወፍጮ ሲነሳ አምፖሏ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከአንድ ክሊኒክ ስታብላይዘር ለምና አመጣች። ደረቀ። ዲስኬት ለወጠች። ደረቀ። ጠዋት ጠዋት እየሠራ ከቀትር በኋላ ስለሚደርቅ፣ መስመር የሚጋራትን ባለሱቁን ፈድሉን ከሰዓት ፍሪጁን እንዲያጠፋላት ለመነችው። እሺ ብሎ አጠፋ። ያም አልረዳም፤ ፈድሉ ግን በሱቁ በኩል ባለፈች ቁጥር ይጠራት ጀመር።

«የኔ ለስላሳ ሻይ ሆነ፤ ያንቺስ ማሽን?»

ማክሰኞ፣ ምንም ሳታደርገው፣ ቀኑን ሙሉ ሠራ። አንዴም አልቆመም። ሐረግወይን ስታብላይዘሩ ነው አለች፣ ፍሪጁ ነው አለች፣ ደስ ብሏት ፈድሉን እንኳ አመሰገነችው። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ድርቅ አለ። ማልቀስ አይሆንላትም፤ ወንበሩን በእርግጫ ብላ ጣለችው።

አከራይዋ አዴ ድንቅነሽ ድምፁን ሰምተው ብቅ አሉ። ወንበሩን አነሱና ምን እንደሆነች ጠየቋት፤ መልሷን ግን አልጠበቁም። ዓይናቸው ኮምፒዩተሩ ላይ ነበር።

«አማረበት አይደል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? ትናንት አጥቤ በስታርች ዘፍዝፌው ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት መልሼ አለበስኩት።»

ሐረግወይን ዞራ ዳንቴሉን አየችው። ከማክሰኞ በቀር፣ ዕቃው ከገባ ጀምሮ ፊቷ ነበር። ነጭ፣ ጠርዙ ላይ አበባ የተሠራበት፣ ከአናቱ ወርዶ ጎንና ጀርባውን የሸፈነ፣ መስታወቱን ብቻ የተወ። እናቷ ቤት ሬዲዮኑም ቴፑም የሚለብሰው ዓይነት ነው። ወፍጮውን፣ ሽቦውን፣ ፍሪጁን ስትጠረጥር ዳንቴሉን አልጠረጠረችውም፤ ከዕቃው ጋር አብሮ የተፈጠረ ያህል ለምዳዋለች። ገለጥ አድርጋ ከኋላ ያሉትን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ነካች። እንደ ካውያ ፈጃት።

«አዴ፣ ማሽኑ ታፍኖ ነው የሚደርቀው። ይህ ከላዩ ይነሳ።»

«ራቁቱን? ነገ አለቃሽ ሲመጡ፣ ድንቅነሽ የመንግሥት ዕቃ ሳታለብስ አስቀመጠች ሊሉኝ?»

ሬዲዮናቸው ይህን ሁሉ ዘመን ለብሶ ታፍኖ እንደማያውቅ አስረዷት። ሐረግወይን ስለ ሙቀት አስረዳች፤ አልገባቸውም፣ እሷም ትዕግሥቷ አለቀ። በመጨረሻ ዳንቴሉ ከማሽኑ ሥር ጠረጴዛው ላይ እንዲነጠፍ ተስማሙ። አዴ ድንቅነሽ ከሥሩ ማን ያየዋል እያሉ ራሳቸው ዘረጉት።

ሐሙስ ከሰዓት ጓድ ሞረዳ ዕቃውን ሊያስጭኑ ሹፌራቸውን አስከትለው መጡ። ኮምፒዩተሩ ከማለዳ ጀምሮ አልቆመም፤ ማተሚያው የኪራሙን ድምር እየተንጫጫ ይተፋል። ጓድ ሞረዳ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ስህተት ፈልገው አጡ። ሹፌሩ ያመጣውን ገመድ ወደ መኪናው እንዲመልስ አዘዙት። ከዚያ ስለሞቃቸው ኮታቸውን አወለቁና፣ ሌላ ማስቀመጫ እንደሌለ ሁሉ፣ አጣጥፈው ማሽኑ ላይ ጣል አደረጉት።

«ጓድ፣ ኮትዎን ያንሱ።»

ሹፌሩ ቆሞ ይሰማል። አለቃዋን እንዲህ አዝዛቸው አታውቅም። ጓድ ሞረዳ ኮታቸውን ቀስ ብለው አነሱ፣ የተራቆተውን ማሽን አዩት፣ አሳዘናቸውም መሰለ።

«ምነው፣ ዳንቴል እንኳ የለውም?» አሉ። «ባለቤቴ አሳምራ ትሠራለች። ልላክልሽ?»

አዴ ድንቅነሽ ከበሩ ላይ ሐረግወይንን ገላመጧት።