የዝውውሩ ምክንያት

ፍሬወይኒ ደብዳቤውን ይዛ ወደ መርፌ ክፍል ስትገባ የአንድ ሽማግሌ ቁስል አሽጌ መጨረሴ ነበር። ሰውየው እስኪወጡ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችና ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

"ሲስተር፣ እስኪ ያንብቡልኝ። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም።"

ሦስት መስመር ነው። ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ከሰኞ ጀምሮ ከላቦራቶሪ ወደ መድኃኒት መጋዘን ተዛውረሻል ይላል። ከሥሩ የዶክተር ሓዱሽ ፊርማና የክሊኒኩ ማኅተም አለ።

"መጋዘን? አንቺ መጋዘን ገብተሽ ደሙን ማን ሊመረምር ነው?" አልኳት።

"እኔስ እሱን አይደል የምጠይቅዎት። ምን አጠፋሁ?"

ፍሬወይኒ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሓድነት ሠፈር ባለው በዚህ የግል ክሊኒክ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ማዘንጊያ እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ረታ ለመምህርነት መቀሌ ሲመደብ ተከትዬው መጥቼ ሃያ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንደ ፍሬወይኒ የተጠነቀቀ እጅ አላየሁም። የተሳሳተ ውጤት ጽፋ አታውቅም፤ ከጠረጠረች ደግማ ትመረምራለች፤ ሰው ቢጮህባትም ደግማ ትመረምራለች። አጥፍታ ነው ብዬ ለማሰብ እንኳ አቃተኝ።

"ቆይ፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ" ብያት ወደ ፋርማሲው ወረድኩ።

የፋርማሲው ባለሙያ ኣሉላ የክሊኒኩን ወሬ ሁሉ ያውቃል። ስጠይቀው መስኮቱን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሲስተር፣ አልሰማሽም እንዴ? የኤልሻዳይን ልጅ በልታታለች እየተባለ ነው'ኮ።"

"ማን ማንን በላ?"

"ፍሬወይኒ። የቀጥቃጭ ልጅ ናት። ቡዳ ናት ይላሉ።"

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ሳቅኩ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኣሉላ ግን አልሳቀም።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው አለኝ። ገብረአምላክ የሚባሉ አዛውንት ከገጠር ለሽንት ምርመራ መጥተው ፍሬወይኒን ያዩዋታል። "አንቺ የሃፍታይ ልጅ አይደለሽም? ማረሻዬን የሚሠራልኝ የሃፍታይ?" ብለው በደስታ አቅፈው ይስሟታል። ሰውየው ክፋት አልነበራቸውም፤ አባቷን እያመሰገኑ ነበር። "እጁ ወርቅ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያርሰው በእሱ ብረት ነው" እያሉ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ እየሰማቸው ተናገሩ። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ኤልሻዳይም ሰማች።

ከሳምንት በኋላ ኤልሻዳይ የአምስት ወር ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች። ፍሬወይኒ እንደ ሁላችንም ሕፃኗን ተቀብላ አቀፈቻት፤ "እንዴት ታምራለች!" አለች። በዚያው ምሽት ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት። በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ተኛች፤ የሳንባ ምች ነበር። በአምስተኛው ቀን ድና ወጣች፤ ግን አንገቷ ላይ ክታብ ታስሮ ነበር። ኤልሻዳይም ለዶክተሩ "ወይ እሷ ወይ እኔ" አለቻቸው።

"አንተ ታምናለህ?" አልኩት ኣሉላን።

"እኔ እንኳ አላምንም።" መድኃኒቶቹን ያለ ምክንያት ይደረድር ጀመር። "ግን ሲስተር፣ እኔም ልጅ አለኝ። ለምን ልድፈር?"

አምስት ዓመት ፋርማሲ የተማረ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ያላስተዋልኩት ሁሉ ይታየኝ ጀመር። አራታችን፣ ኤልሻዳይ፣ ኣሉላ፣ ፍሬወይኒና እኔ፣ ምሳ ዕቃችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ ከፍተን እየተጎራረስን ነበር የምንበላው። ኤልሻዳይ ስልክ ይጠራል ብላ ከጠረጴዛዋ አልነሳም ካለች ሰንብታለች። ኣሉላ ጨጓራዬን ብሏል። ፍሬወይኒ ደግሞ የጓሮው ደረጃ ላይ ብቻዋን ትበላለች። ፀሐይ ፈልጋ መስሎኝ ነበር።

በቀጥታ ወደ ዶክተር ሓዱሽ ክፍል ወጣሁ። ተቀመጪ እስኪሉኝም አልጠበቅኩም።

"ዶክተር፣ የሰማሁት እውነት ነው?"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ሲስተር ማዘንጊያ፣ እኔ በዚህ አላምንም። አንቺ ታውቂኛለሽ።"

"ታዲያ ደብዳቤው?"

"ለሰላም ብዬ ነው። ሁለት ታካሚ ደሜን እሷ አትቅዳኝ ብሎ ወጥቷል። ኤልሻዳይ ታለቅሳለች። ደመወዟን አልነካሁም። ከሰው ዓይን ለጥቂት ጊዜ ገለል ትበል ነው ያልኩት።"

እኚህ ሰው እኮ ናቸው። በጦርነቱ ወራት አንድ ቁስለኛ "አማራ አትንካኝ" ብሎ እጄን ሲመታኝ፣ ከዚህ ክፍል ወጥተው ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ "እሷን ያልፈለገ እኔንም አይፈልግ፤ በሩ ያውና!" ያሉት እኚህ ሰው ናቸው። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። እስከ ዛሬ ስማቸውን ሳልጠራ ጸልዬ አላውቅም።

"ያኔ እኔን ለምን ለሰላም ብለው መጋዘን አላስገቡኝም?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ያ ሌላ ነው።"

"ምኑ?"

መነጽራቸውን አድርገው የታካሚ ካርድ ወደ መግለጥ ዞሩ። ትቻቸው ወጣሁ።

ዐርብ ከሰዓት የሠራተኛ ስብሰባ ነበር። ዶክተሩ ስለ ውኃ ታንከሩ፣ ስለ ፈረቃ ተናግረው ሲጨርሱ "ሌላ ከሌለ..." አሉ። ተነሣሁ። በትግርኛ ነው የምንሰበሰበው፤ እኔም ትግርኛዬ ደህና ነው፤ ስናደድ ግን አማርኛው ይቀድመኛል። ያን ቀን ሁለቱንም ደባልቄ ተናገርኩ።

"የፍሬወይኒ ደብዳቤ ላይ 'ለሥራ ቅልጥፍና' የሚል አለ። ይህ ውሸት ነው። ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን። እውነተኛው ምክንያት ይጻፍላት። 'አባትሽ ቀጥቃጭ ስለሆነ ቡዳ ነሽ ብለናል' ተብሎ ይጻፍና ማኅተም ይመታበት። ዶክተርም ይፈርሙበት።"

ኤልሻዳይ ወንበሯን ገፍታ ብድግ አለች።

"የእርስዎ ልጅ አይደለችም የታመመችው!"

"ልጅሽን የሳንባ ምች ነው ያመማት። ካርዷን አይተሻል። እዚህ በየቀኑ የሳንባ ምች እናክማለን፤ ለስንቱ ነው ክታብ የምናዝዘው?"

"እናቴ አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር..."

"ኤልሻዳይ።"

የጠራቻት ፍሬወይኒ ነበረች። አልተነሣችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ እንደተቀመጠች ተናገረች።

"አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ስትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፤ አልጠየቅሽኝም። ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ በዚያ እሳት ነው። ሠፈራችን ውስጥ ማረሻ ሊያሠሩ ቤታችን የሚመጡ ሰዎች ውኃችንን አይጠጡም ነበር። ዲግሪ ስይዝ ያ ነገር እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።" ዙሪያውን አየችን፤ አንድ በአንድ። "እዚህ ክፍል ውስጥ ደሙን ያልቀዳሁት ሰው የለም። ማን ምን እንዳለበት አውቃለሁ። እርጉዝ መሆንሽን ካንቺ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ፣ ኤልሻዳይ። አንድ ቀን ከአፌ የወጣ ነገር ሰምታችኋል?"

ኤልሻዳይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኣሉላ መሬት መሬት ያያል። እኔም ተቀመጥኩ።

ዶክተር ሓዱሽ እጃቸውን ወደ ፍሬወይኒ ዘረጉ። ከዚያ "ደብዳቤውን ስጪኝ፤ ልቅደደው" አሉ።

"አይቀደድም" አለች ፍሬወይኒ። "ይህኛው ፋይሌ ውስጥ ይቆይ። መሻሩን በሌላ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ከነምክንያቱ።"

ያን ያህል ቁጣ ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም፤ በማን እንደተቆጡ ግን እንጃ። ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ ወረቀት አስመጡ። ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሐኪም ላብ በግንባራቸው ወረደ። በመጨረሻ ያነበቡት እንዲህ የሚል ነበር፦ "ዝውውሩ የተፈጸመው በሠራተኛዋ የቤተሰብ ሙያ ላይ በተመሠረተ መሠረተ ቢስ እምነት ስለነበር ተሽሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከሥራ ስንወጣ ከፍሬወይኒ ጋር ወደ ታክሲ መያዣው አብረን ሄድን። እሷ የምትኖረው ዓዲ ሓቂ ሠፈር ነው። እኔ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ልቤ ሞልቶ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምራመደው።

"ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አልኳት። "ያን ሁሉ ቀን ደረጃ ላይ ብቻሽን ስትበዪ!"

ቆመች። "ሲስተር፣ ይቆጡኛል?"

"ለምን እቆጣለሁ?"

"አባቴን የሚያውቁት ሽማግሌ በመጡ ማግስት ነው። ወሬውን እርስዎም ሰምተዋል ብዬ ነበር። ምሳ ሰዓት ስገባ ቀድመው ከፍተው ነበር። እኔን ሲያዩ የምሳ ዕቃዎን ክዳን መለሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ደረጃው ላይ የበላሁት። ደብዳቤውንም ለእርስዎ ያሳየሁት ምን እንደሚሉኝ ልሰማ ብዬ ነው።"

"ዝንብ ይሆናላ! ምን ሰምቼ? እኔ ወሬውን የሰማሁት ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ..."

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። አዛውንቱ ሲስሟት እኔም በሩ ላይ ነበርኩ። "የሃፍታይ ልጅ፣ ማረሻዬን የሚሠራው" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምንም አላሰብኩም ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም፣ ምንም። ግን ልጅ ሳለሁ ጠይብ ወይም ቀጥቃጭ በደጃችን ሲያልፍ እናቴ "ሌማቱን ክደኚ!" ትለኝ ነበር፤ ሮጬ እከድን ነበር። አርባ ዓመት አልፎ፣ የእናቴም ድምፅ ጠፍቶ፣ እጄ ሳያማክረኝ ከድኗል።

አስፋልቱ ዳር ደርቄ ቀረሁ። አንድ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም፤ ክንዴን ይዛ የሳበችኝ እሷ ናት።

"ይቅርታ" አልኩ።

"አውቃለሁ ሲስተር። ዛሬ ሲነሡ ለዚህ ነው የደነገጥኩት። ከሁሉ ሰው እርስዎ ይነሣሉ ብዬ አልጠበቅኩም።"

ሚኒባሱ መጣና ተሳፈረች።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ፍሬወይኒ ላቦራቶሪው ውስጥ ናት። ኣሉላ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል፤ መጀመሪያ ሰሞን ከራሱ ዕቃ ብቻ ይጎርስ ነበር፤ አሁን ለምዷል። ኤልሻዳይ አልለቀቀችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። ፍሬወይኒን ሰላም ትላለች፤ ልጇን ግን ወደ ክሊኒኩ ይዛ መጥታ አታውቅም።

ልጄ ራኬብ ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ለዕረፍት ስትመጣ አባቷ የስብሰባውን ነገር እየተኩራራ አወራላት። ተነሥታ ልታቅፈኝ መጣች። ያኔ የክዳኑን ነገር ነገርኳት፤ አንዲት ቃል ሳላስቀር።

ሁለት እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

"እማዬ፣ አንቺ?"

"እኔ" አልኳት።