ካውያ የነካው ቀሚስ

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ይርጋነሽ በፈንታነሽ መቅናት የጀመረችው በቀሚሱ አይደለም። በስልጆ ነው። አዎ፣ በስልጆ! ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በባል ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፤ የእኛይቱ ግን በአንዲት ሳህን ስልጆ አንጀቷ አረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 1966 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት። የወሎ ሕዝብ በድርቅ ማለቁ ከአፍ አፍ እየተሻገረ ቢቸና ደርሶ ነበር። መምህራኑ መከሩና፣ የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች ሞጣ ላይ ኳስ ይጫወቱ፣ ሕዝቡም ለተራበው ወገን እህልና ልብስ ያዋጣ አሉ። የቢቸናውን ኮሚቴ የሚመራው የይርጋነሽ ባል አካለ ወልድ ነው፤ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ። ታዲያ ኮሚቴው የት ሊሰበሰብ? ይርጋነሽ ቤት ነዋ! ሀያ ዓመት ሙሉ ቢቸና እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ዳኛ ሲሾም፣ ጳጳስ ሲያልፍ፣ ዶሮ ወጥ ሥሪ የምትባለው እሷ ነች። ወጡን ሁሉም ያውቀዋል። እሷን ግን ከጓዳ ወጥታ ያያት ሰው የለም።

ለዚያ ስብሰባም ሁለት ቀን ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ ዋለች። ወጡ ቀረበ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል፣ የቅኔ መምህሩ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። ለካ ጾመ ጽጌን ይዘዋል! ይርጋነሽ ይህን ዘንግታዋለች። ጎረቤቷ ፈንታነሽ ግን አልዘነጋችም፤ በአጥሩ በኩል አንዲት ሳህን የጾም ስልጆ ላከች።

ፈንታነሽ ማለት የኳስ አሠልጣኙ የመምህር ደምለው ሚስት ናት። ከጉንደ ወይን ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ፤ ከይርጋነሽ በአሥር ዓመት ታንሳለች። መሪጌታ ስልጆውን ቀመሱና፣ ይህችን እጅ ይባርክ አሉ። ከዚያ የማይጾሙትም ልቅመስ፣ ልቅመስ ማለት ጀመሩ። አካለ ወልድ እንኳ፣ የገዛ ባሏ፣ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገው። ይርጋነሽ ከበሩ ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ዶሮ ወጡም ተበላ፤ ግን ማንም ምንም አላለም። ጥሩ መሆኑን ለምደውታላ!

በዚያው ስብሰባ ሌላ ነገር ተወሰነ። የአሸናፊውን ዋንጫ ከቢቸና ሴቶች አንዲቱ እንድትሰጥ፣ ማንነቷም እዚያው ሜዳው ላይ እንዲነገር። አካለ ወልድ ማታ እራት ላይ ይህንኑ አነሣና፣ ዓይን የምትሞላ ሴት ትሁን ተብሏል አለ። ይርጋነሽ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ አንቺ ብትሆኚስ እስኪላት ጠበቀች። እሱ እቴ! እራቱን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ተኛ።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ዋንጫው ከሐሳቧ አልወጣም። በሕልሟ ሳይቀር በሁለት እጇ ይዛው ትቆማለች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ባሏም ከሕዝቡ መካከል ሆኖ፣ ይህች ሴት የእኔ ነች እንዴ እያለ ያያታል። ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን መታየት ብቻ።

የቢቸና ተጫዋቾች ማልያ ቢጫ ነው። ስለዚህ የከተማዋ ሴት ሁሉ ቢጫ ፍለጋ ወጣች፤ አንዷ ሪባን፣ አንዷ መቀነት። ይርጋነሽ ከሞጣው ነጋዴ ከሰይድ ሱቅ ቢጫ የሐር ሻሽ አስመጣች። በልጅነቷ እንኳ እንዲህ ያለ ሻሽ አላሰረችም፤ በመስታወት ፊት አሥሬ ጠመጠመችው። ደስታዋ ግን ሦስት ቀን አልቆየም። ፈንታነሽ ለሞጣው ሸማኔ ለሐምዱ ልካ፣ ጥለቱ ከአንገት እስከ እግር ቢጫ የሆነ ቀሚስ ማሠራቷ ተሰማ። ሴቶቹ ምንጭ ላይም፣ ወፍጮ ቤትም የሚያወሩት ስለዚህ ቀሚስ ሆነ። ያላዩት ሳይቀሩ ያወሩለታል።

ዓርብ ዕለት ቀሚሱ ራሱ ይርጋነሽ ቤት መጣ።

በሰፈሩ ውስጥ የከሰል ካውያ ያለው እሷ ቤት ብቻ ነው። ፈንታነሽ ቀሚሱን በአንዲት ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም፣ እትዬ፣ ብላ ሰጠቻትና ፍልቅልቅ እያለች ሄደች። በዚያው ክፍል ጥግ ላይ ለወሎ የተዋጣው ልብስ ተቆልሏል። ጆንያውም አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ነገ ማለዳ ወደ ሞጣ የሚሄደው የጭነት መኪና ሊወስደው ነው።

ይርጋነሽ ጨርቁን ፈታች። ወይ ጉድ! ጥለቱ በአደይ የተሞላ ማሳ ይመስላል። ደረቱ ላይ ያለው መስቀል ክሩ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። በሩን ዘጋችና ለራሷ ልትለብሰው ሞከረች። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ሁለት እጇ በእጅጌው ውስጥ ተይዞ፣ ፊቷ በሰው ቀሚስ ተሸፍኖ ትንሽ ቆመች፤ እዚያው ውስጥ ሆና አለቀሰች። ለዋንጫው የምትመረጠው ማን እንደሆነች ገብቷታላ!

አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ የሠራችውን ልንገራችሁ፤ ተኮሰችው። ካውያውን አጋለች፣ ውኃ ረጨች፣ እያንዳንዷን ሽንሽን እየለየች ተኮሰች። ልብስ ተጨማዶ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅማ! ከዚያ እናቷ እንዳስተማረቻት አጠፈችው፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ ከትታ፣ አራት አድርጋ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አውጥታ። እንዲያ የሚያጥፍ ሰው ቢቸና ውስጥ ከእሷ ሌላ የለም። ሲያበቃ በጆንያው መካከል፣ ከአሮጌ ጋቢዎች ሥር ከተተችውና የጆንያውን አፍ ሰፋችው። ነጯን ጨርቅ ሣጥኗ ውስጥ ደበቀች። አንዴም አላመነታችም። በኋላ ሲታሰባት የሚያስደነግጣት ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፈንታነሽ ስትመጣ፣ ይርጋነሽ ደረቷን እየደቃች ተቀበለቻት። ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ ተማሪዎቹ መጥተው ሁሉንም ጭነው ሄደዋል፣ ያንቺም ገና ሳልተኩሰው ከነጨርቁ አብሮ ሄዷል፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ፈንታነሽ ዓይኗ ውኃ ሞላ። ሞጣ ስንደርስ ጠይቄ እወስደዋለሁ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች።

«ለተራበ ከተሰጠ ልብስ ላይ መልሱልኝ ልትዪ ነው?» አለች ይርጋነሽ። «ሰው ምን ይልሻል?»

ፈንታነሽ፣ ይሁን፣ እግዜር ያለው ነው ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

እሑድ ገና ሳይነጋ የቢቸና ሰው በሁለት የጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሞጣ ተነሣ። ዝናሙ ገና መውጣቱ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሴቶቹ ግን ቢጫ በቢጫ ሆነው ይዘፍናሉ። ፈንታነሽ በመታጠብ ብዛት የነተበ ቀሚሷን ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚስሽስ አሏት። አልደረሰልኝም አለች። ይርጋነሽን አላነሣችም፤ ቀና ብላም አላየቻት። ይርጋነሽ ይህን ስትሰማ ማመስገን ሲገባት ይባስ ተናደደች፤ ጨዋነቷም ያናድዳል እኮ! አካለ ወልድ ግን ሻሿን አየና፣ አምሮብሻል አላት። ስንት ዓመቱ? ይርጋነሽ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳላት አታስታውስም። ሞጣ እስክትደርስ ያቺን አንዲት ቃል ስታመላልስ ሄደች።

ሞጣዎች ሰማያዊ ለብሰው ጠበቋቸው። ሜዳው ዳር ዳስ ተጥሏል። ለክርስቲያኑ የይርጋነሽ ድስቶች ወረዱ፤ ለእስላም ተጫዋቾችና እንግዶች የሰይድ ሚስት ሳብሪያ ለብቻው አሠናድታለች። የይርጋነሽ ወጥ ተጠርጎ ተበላ፤ የሞጣ ሴቶች ሳይቀሩ፣ የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ። ነገር ሁሉ እንደተመኘችው ሆነላት። ጨዋታው ተጀመረ፤ እስከ እረፍት አንድ ለአንድ ወጡ።

በእረፍቱ ሰዓት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ጆንያዎቹ በሕዝብ ፊት ይፈቱ አሉ፤ ሰው የሰጠውን ይይ፣ ያልሰጠም ይፈር ብለው። ይርጋነሽ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ጆንያው ተፈታ። የተጣፈ ጋቢ ወጣ፣ ቁልፍ የሌለው ኮት ወጣ፣ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ወጣ። ቀጥሎ መሪጌታ እጃቸውን ሰደዱና ቢጫ ጥለት ያለውን ቀሚስ እንደታጠፈ ከፍ አደረጉት።

ከሞጣዎች መካከል ሸማኔው ሐምዱ ብድግ ብሎ፣ ይህ የእጄ ሥራ ነው፣ ለቢቸናዋ ለፈንታነሽ የሠራሁት ነው አለ። የቢቸና ሴቶች ዞር ብለው ፈንታነሽን በነተበ ቀሚሷ አዩዋት። አልደረሰልኝም ያለችው ነገር ገባን አሉ፤ ለካ ሰጥታው ነው! እልልታው ቀለጠ። መሪጌታ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ እኛ ለብሰን የጠገብነውን ሰጠን፣ ይህች ልጅ ግን ገና ያልለበሰችውን ሰጠች፣ ዋንጫውን እሷ ትስጥ አሉ። መጀመሪያ ያጨበጨበው አካለ ወልድ ነው።

ይርጋነሽ የሠራችው ገባት። በገዛ እጇ! ካውያ አግላ፣ ውኃ ረጭታ፣ አሳምራ አጥፋ፣ ዋንጫውን ለፈንታነሽ ላከችላት። ትሳቅ ወይ ታልቅስ የምትይዘውን አጣች።

ፈንታነሽ እያመነታች ወደ መሪጌታ ቀረበች። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት እንጂ ኩራት የለም፤ አልሰጠሁም ልትል አፏን ከፈተች። መሪጌታ ቀሚሱን አስታቀፏት። ያን ጊዜ አየችው። ነጯ ጨርቅ የለችም። ቀሚሱ ተተኩሷል። እጅጌው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቷል። በጣቷ እጥፋቱን ዳሰሰችው፤ ከዚያ ቀና ብላ በሕዝቡ መካከል ይርጋነሽን ፈለገች። አገኘቻት። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ይርጋነሽም መታወቋን አወቀች።

«አባቴ፣» አለች ፈንታነሽ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ፣ «ምርቃቱ ለእኔ ብቻ አይገባም። እኔ ይህን ቀሚስ እንዲተኩሱልኝ ነው ለእትዬ ይርጋነሽ የሰጠኋቸው። ጆንያ ውስጥ የከተቱት እሳቸው ናቸው።»

ይርጋነሽ አበቃልኝ አለች በልቧ። ባሏ ዞር ብሎ አያት። ሻሿ አናቷ ላይ ድንጋይ ሆነ። መሸሽ አማራት፤ ሕዝቡ ግን ዙሪያዋን ከቧታል።

«እኔማ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር» አለች ፈንታነሽ። «እሳቸው ጨከኑልኝ። ይምጡና አብረን እንስጥ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እልል አለ። ሁለቱ ተማክረው ያደረጉት ነው የመሰለው። ይርጋነሽን እየገፉ አወጧት። ጨዋታው ሲያልቅ ሞጣ ሁለት ለአንድ አሸነፈ፤ ሁለቱ ሴቶች ዋንጫውን ግራና ቀኝ ይዘው ለሞጣው አምበል ሰጡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አካለ ወልድ በሕልሟ እንዳየችው አድርጎ አያት፣ እንዲያውም ዓይኑን ጠረገ። ይርጋነሽ የተመኘችውን ሁሉ አገኘች፤ ግን አፏ ውስጥ እንደ ሬት መረራት።

ከሜዳው ሲወርዱ ፈንታነሽ ጠጋ አለችና በጆሮዋ ተናገረች።

«እጥፋትዎን አውቀዋለሁ፣ እትዬ። ቀሚሱስ ሄደ፤ ይሁን፣ የታረዘች ትልበሰው። ነጯን ጨርቅ ግን ይመልሱልኝ። የእናቴ ናት፤ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።»

ይህን ብላ ወደ ባሏ ሄደች። አልሰደበቻትም፣ አልረገመቻትም። ይርጋነሽ በጭነት መኪናው ላይ ቢቸና እስክትገባ ድረስ በልቧ ስትሟገት መጣች። በስልጆዋ ቀንታባት ነበር፣ በቀሚሷ ቀንታባት ነበር፤ አሁን ደግሞ በዚህ ቀናችባት። እሷ በፈንታነሽ ቦታ ብትሆን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ምን ታደርግ እንደነበር ታውቀዋለች። እንዲህ ያለው ልብ ከየት ሱቅ ይመጣል?

በማግስቱ ጧት ነጯን ጨርቅ ከሣጥኗ አወጣች። አጠበችው፣ አሰጣችው፣ ካውያ አግላ ተኮሰችው። ልታጥፈው ስትል እጇ እንደ ልማዱ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ከተተ። ፈታችው። እንደ ሌላ ሰው አድርጋ ልታጥፈው ብትሞክርም፣ እጇ መልሶ ያንኑ ሠራ። ሦስተኛ ጊዜ ፈታችውና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች።

ሲወጣላት ፊቷን ታብሳ ተነሣች። ጨርቁን ሳታጥፈው፣ እንደተዘረጋ በሁለት ክንዷ ላይ አድርጋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ ዞራ ፈንታነሽ ቤት ሄደች። «አንቺው እጠፊው፣» አለቻት፣ «እኔ አልቻልኩም።»