ምራቅ የመለሰው መርፌ

1.

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው፦ ወይዘሮ ዘነበወርቅ መርፌውን ያዙና ጨረሩን ተዉ።

2.

በመርፌው አትፍረዱ። ጉሮሯቸው ላይ የሚያርፈው የጨረር ሕክምና አፋቸውን አድርቆት እንጀራ እንኳ እንደ አሸዋ ይፍቃቸው ነበር። ሆስፒታሉ ለዚህ ብሎ ወደ አኩፓንክቸር ክፍል ላካቸው። ዶክተር ቶሎሳ ቀጫጭን መርፌዎች ጆሯቸውና እጃቸው ላይ እየሰካ ያክማቸው ጀመር። ሰነባብቶ አፋቸው ራሰ። ውኃ ሳይጠጡ ፍትፍት ዋጡ።

ልጃቸው ሶስና ደስ አላት። መጠርጠር ነበረባት።

3.

መመሪያ፦ ለታማሚ የማይነገረውን ስለመደበቅ

«ካንሰር» አትበሉ፤ «እጢ» በሉ። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዙና ለምኑት። ስትገቡ ሳቁ።

የእናቷ ወንድም እንዳሻው «ስሙን ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች» አለ። በባዮሎጂ የተመረቀችው ሶስናም እሺ አለች።

በሽታቸውን የማያውቁ ሴት የሚያደርቃቸውን ትተው የሚያርሳቸውን ቢይዙ ምን ይገርማል?

4.

(መርፌ ክፍል። እናት ተሰክቶላቸው ተጋድመዋል።)

ሶስና፦ ዛሬም ጨረር አልሄድሽም?

እናት፦ ምን ልሠራ? እሱ ያደርቀኛል፣ ይኼ ልጅ ያርሰኛል። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?

ቶሎሳ፦ እማማ፣ እኔ ጨረሩን እንዲችሉት ነው የማግዝዎት። በሽታውን አላድንም።

እናት፦ አየሽው? ጉራ የለበትም። ለዚህ ነው የምወደው።

5.

ቶሎሳ ሶስናን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

«ጨረሩ እንደተቋረጠ ከቀረ በሽታው ያመልጠናል። ወይ አንቺ ንገሪያቸው ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

6.

አሁን።

7.

ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ዝናብ ያዘንባሉ። ውጭው ፀሐይ ነበር።

«እማዬ፣ እጢ አይደለም። ካንሰር ነው። ካንሰሩን የሚገድለው ጨረሩ ነው እንጂ መርፌው አይደለም።»

 

 

መርፌዎቹ ስላሉ እናቷ መንቀሳቀስ አልቻሉም። ዓይናቸው ብቻ ዞረ።

«እንዳሻው ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ጎረቤቱስ?»

«ያውቃል።»

«ለካ ለዚህ ነው ያቺ አኩራፊ ጥሩነሽ እንቁላል ይዛ የምትመላለሰው! እኔ ደግሞ ታረቀችኝ ብዬ!»

ሶስና ልትስቅ ነበር። አልሳቀችም።

«በገዛ ጉሮሮዬ» አሉ እናቷ ቀስ ብለው፣ «እኔ ብቻ እንግዳ ሆኜ ከረምኩ።»

8.

ቶሎሳ ገብቶ መርፌዎቹን ነቀለላቸው። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አጠለቁ። ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ በግራ ወደ ጨረር ክፍሉ፣ በቀኝ ወደ ግቢው መውጫ ይወስዳል።

ሶስና ቦርሳዋን አንሥታ ልትከተል ስትል እጃቸውን ዘረጉ።

«ተቀመጪ። እስካሁን እየመራችሁ ወሰዳችሁኝ። አሁን ብቻዬን ልሂድ።»

«ወዴት እማዬ?»

ወጡ። በሩን ዘጉት።

9.

ግራ ይሁን ቀኝ፣ በዚህ ጊዜ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።