ሦስተኛው ዳገት

ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ዳገት ላይ ምሕረት የለውም። ማርሽ ቀንሼ ልረፍ አይባልበትም፤ ከኮርቻ ተነስቶ በሙሉ ክብደት ፔዳሉን መርገጥ ነው፣ አለዚያ ወርዶ መግፋት። ሲዮንግ የሚወደው ለጸጥታው ነበር። የሚንኳኳ ዕቃ ስለማይበዛበት የተሠራበት ካርቦን ራሱ ሲናገር ይሰማል። ታይቾንግ ከተማ ዳር ባለችው ትንሽ ወርክሾፕ ሃያ ዓመት ሥራው ይኸው ነበር፤ አዲስ ብስክሌት ኮረብታ ላይ እየነዱ ማዳመጥ።

ይህቺን ዛሬ የሚፈትናትን የሠራቻት ሚስቱ ዩ-ሊያን ናት። ሙጫ የጠጣውን የካርቦን ጨርቅ እየደራረበች አሥራ ሁለት የብስክሌት አካል አበጀች፤ የመጨረሻው ከምድጃ በወጣ በሳምንቱ ሞተች።

«ሦስቱን ዳገት ካለፈች የእርስዎ ናት፣ ጋሼ» አለው የወርክሾፑ ባለቤት ኮ። «አሥራ አንዱን ለገዢዎች እልካለሁ። ድምፅ ካሰማች ግን፣ ሁሉም የአንድ እጅ ሥራ ናቸውና፣ መጋዝ ይበላቸዋል። ጆሮዎን አደራ።»

«ጉልበቴን አደራ በለው እንጂ።»

«ጉልበትዎማ ከብስክሌቷ ቀድሞ ነው የሚንቋቋው።»

ሁለቱን ዳገቶች ያለ ኮሽታ ወጣቻቸው። ከሦስተኛው ሥር፣ የምድር አምላክ ትንሽ መቅደስ ጋ ሲደርስ ወርዶ አንድ መንደሪን አስቀመጠና እጆቹን አጋጠመ። ዝም አሰኛት ብሎ መለመን አሳፈረው። «በደንብ አሰማኝ» ብቻ አለ፤ ልቡ ግን መስማት አልፈለገም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ግራ እግሩን ሲጭን፣ ጭ አለች።

ወረደ። ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ከላይ ወደ ታች አንኳኳት። ጥን፣ ጥን፣ ጥን። ፔዳሉ የሚያያዝበት ጋ ሲደርስ፣ ድፍ። ድፍ ያለው ቦታ ስፋቱ አውራ ጣት ቢያክል ነው።

መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ዩ-ሊያን የመጨረሻውን ድርብ ስታለብስ የቀኝ ጓንቷን ታወልቅ ነበር። ክልክል ነው፤ የገላ ወዝ ሙጫውን አያስይዝም። «በጓንት መዳሰስ በመጋረጃ እንደ መሳም ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ስንት ዓመት ምንም ሳይሆን ኖሮ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ከሕመሟ መድኃኒት የተነሳ እጇን ያልበው ጀመር።

ከእሱ በቀር የሰማ የለም። ዝም ቢል ብስክሌቷ የእሱ ናት፤ ነገ እሷ ላይ ነው፣ ከነገ ወዲያም እሷ ላይ። አሥራ አንዱ ላይ ወጥተው ቁልቁለት የሚወርዱትን ግን አያውቃቸውም። አያውቃቸውም፤ አንዳንዶቹ ሚስት አላቸው።

ሲመለስ ኮ በር ላይ ጠበቀው። «ምን አለች?»

«ግራ ፔዳል በኩል ተናገረች።»

ኮ ጎንበስ ብሎ ግራ ፔዳሏን አየ። «ጉልበትዎ እንዳይሆን?» አለ፣ ሳይስቅ።

«ጉልበቴ በሆነ።»

መጋዙ ሲከፍታት፣ በሁለት ድርብ መካከል ያልተያያዘ የሚያብለጨልጭ ቦታ ታየ። የአውራ ጣት መስመሮች አንድ በአንድ፣ መታወቂያ ላይ እንደታተመ አሻራ ሰፍረውበታል። ኮ ቁራጩን በሁለት እጁ ሰጠው። ሲዮንግ የራሱን ጣት አሳረፈበት፤ የዩ-ሊያንን ሙሉ በሙሉ ቢሸፍንበት ቶሎ አነሳው።

«አሥራ አንዱን» አለ፣ «እኔው ልቁረጣቸው።»