ሰረዟን የጣለችው «እሷ»

አዲስ ኮምፒውተር ለገዛ ሰው እንኳን ደስ አለህ ይባላል። እኔን ግን ማጽናናት ነበረባችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ባለችው የጽሕፈትና ኅትመት ቤቴ ስንት ዓመት ያገለገለኝ አሮጌ ማሽን ተቃጥሎ በምትኩ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ሳስገባ፣ መጽሐፍ የማቀናብርበት ፔጅሜከር አልጫንም ብሎ እርፍ አለ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አጥፍቼ አበራሁት። ወይ ፍንክች!

ሌይላ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የምትሠራ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። በሻሽ የተጠቀለለ ሲዲ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

«እትዬ ፋሲካ፣ የአባቴ መጽሐፍ እዚህ ውስጥ አለ። ስለ እናቴ የጻፈው ነው። እዚሁ ቤት አስተይቦት ሳይታተም ሞተ። እኔ ያኔ ጡት እንኳ አልጣልኩም።»

«የእጅ ጽሑፉስ?»

«አይጥ በላው።»

አባቷ ኢስሀቅ አስተማሪ ነበር። እናቷ አፊፋ የገበያ ሴት ናት፤ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፣ ከተጋቡ በኋላ። አሁን ዓይኗን የዓይን ግፊት ይዞታል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል ሐኪሙ።

«ሌላ ሰው ያንብብልሽ ስንላት እምቢ አለች» አለች ሌይላ። «‹ያስተማረኝ እሱ፣ የጻፈልኝ እሱ፤ የማነበውም እኔው ነኝ› ትላለች። በትልልቁ አድርጊልንና ዓይኗ ሳይጨልም ትድረስበት።»

እሺ አልኩ። እሺ ለማለት ማን ብሎኝ! አዲሱ ኮምፒውተር ሲዲ የሚጎርስበት አፍ እንኳ የለውም። ማንበቢያ ከጎረቤት ተውሼ ፋይሉን ባወጣው፣ ፕሮግራሙ ስለሌለ አልከፈት አለ። በሌላ መንገድ ጽሑፉን ብቻ ጎትቼ ባወጣው ደግሞ አማርኛ የለም፤ ኮማ፣ የዶላር ምልክትና የፈረንጅ ፊደል ተደባልቆ ገጹን ሞልቶታል። የአንድ ሴት ሕይወት እንደዚያ ሆኖ ሲታይ አለቀስኩ ብል አታምኑኝም። አልቅሻለሁ።

ሱቁን ለእኔ አስረክቦ አዲስ አበባ የገባው ኤርሚያስ ጋ ደወልኩ። ያንን ፋይል የተየበው እሱ ነበር። የድሮውን የኮምፒውተር ፊደል ወደ አዲሱ የሚቀይር ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ አገኘልኝ። አስገባሁት። አማርኛ ሆነ! ብድግ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በትልልቅ ፊደል አተምኩና ሳላነበው ለሌይላ ሰጠኋት፤ እናቷ መጠኑ ይበቃት እንደሆነ አይታ እንድትነግረን ብቻ ነበር።

እሷ እንደወጣች ስክሪኑ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። «ልጇን» ያለው «ልጃን» ሆኗል። «ቤቷ»፣ «ቤታ»። «ጓዟን» ያለውማ «ጋዛን»! እንደገና ኤርሚያስ ጋ ደወልኩ።

«አዬ፣ ረስቼው» አለ። «በዚያ ዘመን ‹ቷ› የምትባል ቁልፍ አልነበረችንም። ‹ታ›ን መትተን ከሥሯ ሰረዝ እንለጥፍባት ነበር። ቀያሪው ሰረዟን ጥሏት ይሆናል።»

ጥሏታል። መጽሐፉ ስለ ሴት ነውና በየመስመሩ ያለው «የእሷ» የሚባል ነገር ሁሉ እግሩን ተቆርጧል። በጅምላ መተካት አይቻልም፤ እውነተኛው «ታ»ም አብሮ ይበላሻል። አንድ በአንድ ሰረዙን ስመልስ ሰነበትኩ። የሞተ ሰው ቃል ነው፣ እንዲህ አንካሳ አድርጌ አላስረክብም ብዬ ማልኩ።

መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሌይላ እናቷን ይዛ ከተፍ አለች። አፊፋ ቀጭን ናት፣ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ብርሃን ስላለ በሩ አጠገብ ተቀመጠችና ያንኑ የተበላሸውን ወረቀት አወጣች። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበች።

«አፊፋ ጋዛን በአህያ ጭና፣ ልጃን አዝላ፣ ወደ አንኮበር ስትወጣ ዳገቱ ራሱ ያፍራል። እሳ ግን ትስቃለች።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ኮምፒውተሩ ነው ያበላሸው። ‹እሷ› ነው የሚባለው፣ አስተካክዬዋለሁ።»

«ምኑን ነው ያስተካከልሽው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ አፏ ግን ይስቃል። «ኢስሀቅ እኮ ‹እሷ› ማለት አይችልም ነበር! ሲጽፍ አሳምሮ ይጽፈዋል፤ ሲናገር ግን ምላሱ እምቢ ይለዋል። ‹እሳ›፣ ‹ቤታ›፣ ‹ልጃ›። ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር፣ እኔም እስቅበት ነበር። ፊቱን አልረሳሁትም። ድምፁ ግን ጠፍቶብኝ ስንት ዘመን! ይኸው ከወረቀቱ ላይ ጠራኝ። አልሐምዱሊላህ። በአላህ ይሁንብሽ ልጄ፣ አንዷን ሰረዝ እንዳትመልሺብኝ።»

ስንት ቀን ዓይኔ እስኪቀላ የመለስኳቸውን ሰረዞች መልሼ ጣልኳቸው። እጄ ደስ እያለው ነው የጣላቸው። ፈጣሪን አመሰገንኩ፣ ያንን ግትር ኮምፒውተርም አመሰገንኩ። ስሰድበው የሰማ ጎረቤት በቁሜ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። መጽሐፉን «ጋዛን» ከነምናምኑ አትሜ አስረከብኩ።

አፊፋ በራሷ ዓይን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወዲያ የዓይኗ ብርሃን ብዙም አልቆየም።

ባለፈው ሌይላ ሱቅ ብቅ ብላ ነበር። እናትሽ እንዴት ናት አልኳት።

«አሁን እኔ ነኝ የማነብላት» አለች። «መጀመሪያ ቀን ምላሴ ለምዶበት ‹እሷ› ብዬ ሳነብ፣ እጄን ያዘችና ‹አባትሽ እንዲህ አይልም› ብላ አረመችኝ።»