ነጥብ የማይቀበለው ሳጥን

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያውን በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ «ሲስተሙ» ነው። ጉንፋን ይዞት የቀረ ቀን በየክፍሉ «ዛሬ ሲስተም የለም» ተባለና ባለጉዳይ ሁሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ኮምፒውተሮቹ ግን ያን ዕለት ያለ እንከን ሲሠሩ ነበር የዋሉት።

ቢሮው ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አለፍ ብሎ ነው። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ማቀዝቀዣው ሲነፋ ስለሚውል በጠራራ ፀሐይም ሹራብ ለብሶ ይቀመጣል። በሩን የሚከፍት ሰው ካለ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ይቅርታ፣ ሽንት ቤት መስሎኝ» ይልና መልሶ ይዘጋዋል።

ታዲያ አዲሱ ሰነድ ማስተዳደሪያ ሲገባ ደጉ ዘመን መጣለት። ከእያንዳንዱ ሰነድ ጋር የሚሞሉ ሳጥኖችን እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ገባ፣ ስለ ምን ነው የሚሉትን። የሙያው ሰዎች ሜታዳታ ይሉታል፤ እሱ ሲያስረዳ ግን «የሰነዱ መታወቂያ በሉት» ነበር የሚለው። እያንዳንዱ ክፍል የሚያሻውን ሳጥን መጠየቅ ይችላል ተባለ። ጉድ ፈላ። ሒሳብ ክፍል «አስቸኳይ» የሚል ሳጥን ጠየቀ። ይህን የሰማ ሕግ ክፍል «እጅግ አስቸኳይ» ይከፈትልኝ አለ። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ራሷ ድረስ መጥታ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ «የኛ ከሁለቱም የሚበልጥ ነው። ምን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ» አለችው።

በሩ ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ሰው ይገባል፣ ይከራከራል፣ በማቀዝቀዣው ያማርራል፣ የልጁን ፈተና ያወራል። እሁድ እሁድ ታላቅ እህቱ ስትደውል የሚነግራት አያጣም።

«ሰው ታገኛለህ ግን?» ትለዋለች።

«ኧረ እትዬ፣ ፋታም የለኝ።»

«እሰይ። እኔማ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምረህ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር።»

ከዚያ የሁሉም ጥያቄ ተሟላ። ሥራው ሲያልቅ ሰዎቹም አለቁ፤ ማቀዝቀዣው ብቻውን ቀረ። ጥቂት ሰነበተና አንድ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ሳጥን ከፈተ። «ሁኔታ» አለው። ካልተሞላ ሰነዱ አይገባም። ምን እንደሚሞላበት ሆን ብሎ ሳያብራራ ተወው፤ ግራ ሲገባቸው መጥተው ይጠይቁኛል ብሎ ነው።

መጡም፤ ለጥቂት ቀን። ወዲያው ግን የስምሪት ኃላፊው አንዲት ነጥብ ብቻ ቢያስገባ ሲስተሙ ጭጭ ብሎ እንደሚያሳልፈው ደረሰበት፣ ወሬውም በአንድ ምሳ ሰዓት ሕንፃውን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ የገባው ሰነድ ሁሉ ሁኔታው ነጥብ ሆነ። የሕግ ክፍሉ ነጥብ፣ የሒሳቡ ነጥብ፤ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ማዕረጓን ለመጠበቅ ይመስላል፣ ሦስት ነጥብ።

በዚህ ሁሉ ነጥብ መካከል ነው ግቢውን ተሻግሮ ካለው መጋዘን፣ ከንብረት ክፍል፣ ይህ የመጣው፦ «የወንበር ርክክብ። ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ሦስተኛው ስለሚያነክስ ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። በማግስቱ ሌላ መጣ፦ «የመጋረጃ ገቢ። ጨርቁ ያምራል፤ የሚሰቀልበት መስኮት ግን ገና አልተሠራም።» ቀጥሎም፦ «የአምፖል ጥያቄ። ሰውየው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ስለጻፈው መስመሩ ጠሟል። አትሳቁበት።»

«አልስቅም» አለ፣ ብቻውን፣ ድምፅ አውጥቶ።

የንብረት ክፍሏን ሴትዮ አይቷት አያውቅም። ቢሆንም ምሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የዕለቱን ሰነድ ሳይከፍት መጉረስ ተወ። እሁድ ለእህቱ «አንድ የምታጫውተኝ ሴት አለች» አላት። እህቱ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ስትጠይቀው መስመሩ ተበላሸ ብሎ ዘጋ።

ይህን ያፈረሰው ሥራ አስኪያጁ ነው። እንግዶች ፊት አንድ ሰነድ ከፍቶ ሲያሳይ ሁኔታው ላይ ነጥብ አገኘና አስጠራው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ነጥብ ነው።»

«ነጥብ መሆኑንማ አየሁት። ምን ይሠራል?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አጥፋው። አንድ ክፍል እንኳ ያስፈልገኛል ካለኝ ይቆይ። ካልሆነ ዓርብ እንዳላየው።»

አንድ ክፍል። ከቢሮው ሳይወጣ ነበር የትኛው ክፍል እንደሆነ ያወቀው። አንዲት የስልክ ጥሪ ለሥራ አስኪያጁ ብታደርግለት ሳጥኑ ይተርፋል፤ እሷም መጻፏን አትተውም። ሹራቡን አውልቆ ግቢውን ተሻገረ፤ የሚለውንም በመንገዱ ሙሉ ሲያጠና ሄደ።

በእሱ ግምት በዕድሜ እኩያው ነበረች። ያገኛቸው ግን ጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ እናት ናቸው።

«ሲስተሙ አንተ ነህ?» አሉት። «ስፈልግህ ኖሬ። ግባ፣ ግባ። እኔ ምን በድያችሁ ነው?»

«ምን ሆነው ነው?»

«ሰው ሁሉ ነጥብ አስገብቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኔ ነጥብ ስጽፍ ‹በቂ አይደለም› ይለኛል። ‹ገባ› ብጽፍለት፣ በቂ አይደለም። ‹ደህና ነው› ብለው፣ በቂ አይደለም። ባሌ እንኳ እንዲህ አልጨቀጨቀኝም። በዚህ ዕድሜዬ ድርሰት ስጽፍ እውላለሁ።»

ያኔ ትዝ አለው። ነጥቡን ሊከለክል አስቦ ከሃያ አምስት ፊደል በታች እንዳይቀበል ያዘዘበት ቀን ነበር። ለሙከራ ብሎ የሁሉም ታናሽ በሆነው ክፍል ላይ ጀመረ፤ ከዚያ ሕግ ክፍል ደውሎ «ደግሞ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣብን» ሲለው ሐሳቡን ተወው። ሙከራውን ማንሳት ግን ረሳ።

«የኔ ስህተት ነው» አላቸው። «ግን... የሚጽፉት ጥሩ ነበር።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ታነበዋለህ እንዴ?»

«አነበዋለሁ።»

«የወንበሩንም?»

«እሱንም።»

አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አይ የኔ ነገር። ማሽን ነው የሚቆጥረው ብዬ እኮ ያገኘሁትን ስለቀልቅ ነው የኖርኩት።»

«ያ ‹አትሳቁበት› ያሉት ለማን ነበር?»

አሰብ አደረጉ። «ለማንም። ‹በቂ አይደለም› ሲለኝ ጨመርኩት።»

ያጠናው ንግግር አፉ ድረስ መጥቶ ቀረ። ሳጥኑ እንዲቆይ ይደውሉልኝ ማለት እኚህን እናት ድርሰቱን ይቀጥሉልኝ ማለት ነው። ኮምፒውተራቸው ላይ ጎንበስ ብሎ የፊደሉን ገደብ አነሳላቸው። አንዲት ነጥብ ሞከሩ፤ አለፈች።

«ተባረክ» አሉት። «ኧረ ሸክም ነው ያወረድክልኝ። ሌላም ነገር ነበረህ?»

«አይ፣ ለዚሁ ነው የመጣሁት።»

በማግስቱ ወደ ምሳ ሰዓት ከንብረት ክፍል ሰነድ መግባቱን ስክሪኑ ነገረው። የሁለት መጥረጊያ ወጪ። ሁኔታው ምን እንደሚል ለማየት መክፈት ብቻ ነበር የቀረው። ከአሁን በኋላ የሚያስገድዳቸው የለም፤ ነጥብም ሊሆን ይችላል፣ ስለ መጥረጊያዎቹ የሚባል ነገርም ሊኖር ይችላል። ዓርብ ገና ነው።

ጣቱ መክፈቻው ላይ ቆይቶ ቆይቶ ሌላኛውን ገጽ አመጣ፤ የሳጥኖቹን ዝርዝር። ነጥብ ሆኖ ከሚያገኘው ሳያውቀው ቢቀር ይሻላል ብሎ «ሁኔታ»ን መረጠ። ሲስተሙ፣ ይህን ሳጥን ሲያጠፉ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ አለው። እርግጠኛ ነኝ አለው።

ከዚያ የመጥረጊያውን ሰነድ ከፈተ። የገባበት ቀን አለ፣ የክፍሉ ስም አለ፣ ብዛት ሁለት። «ሁኔታ» የሚል የለም። ሹራቡን ለበሰና የምሳ ዕቃውን ከፈተ።