ባህር ዛፉ የዘለለው ትምህርት

ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ በር ላይ የተገተርከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ። ስልክ ይዘጋ፣ አፍም አብሮ ይዘጋ። የሚያስለው አሁኑኑ ስሎ ይጨርስ፤ መሀል ላይ ብታስሉብኝ ከምላሴ ያመልጠኛል።

የሸኖዋን አስካለ ጉድጓድ የጠጣው የጎረቤቷ ባህር ዛፍ ነው። ሽማግሌ ፊት ቀርቦም በገዛ አፉ ተናግሯል።

አስካለ ከአስፋልቱ ርቆ ካለው ሰፈር ጎመንና ሰላጣ እያመረተች የምትሸጥ ሴት ናት። የምታጠጣው ከጓሮዋ ጉድጓድ እየቀዳች ነው። ጉድጓዱ ከደረቀ ጎመኑ ይደርቃል፤ ጎመኑ ከደረቀ ልጆቿን ይዛ እህቷ ቤት መጠጋቷ ነው። እህቷን ደግሞ አታውቋትም፤ ባታውቋት ይሻላችኋል።

መጋቢት ላይ ባልዲው ባዶውን መውጣት ጀመረ። ጎንበስ ብላ ስታይ አንድ የባህር ዛፍ ስር በጉድጓዱ ግድግዳ ወርዶ፣ ጫፉን ውሃው ውስጥ ነክሮ እየመጠጠ ነው። አየችው። አላፈረም፤ መምጠጡን ቀጠለ።

አጥሩ ጋ ሄዳ ጎረቤቷን አቶ ሽመክትን ጠራችው።

«ዛፍህን ሰብስብልኝ።»

«እንኳን ለኔ ለአባቴም አልተመለሰ፤ ቢቆርጠው መልሶ ነው ያቆጠቆጠው። ደግሞስ አድጓል እኮ አስኩ፤ ለራሱ ይጠየቅ።»

አስካለ እልኸኛ ናት። የማላውቀውን ጠላት አልጣላም አለች። ስልኳን አውጥታ ስለ ዕፅዋት የሚያስተምር ነገር ኢንተርኔት ላይ ፈለገች፤ አገኘች። ነጻ ነው፣ በአማርኛ ነው። አንዲት ድምፀ ለስላሳ መምህርት በቪዲዮ ታስረዳለች፤ ከየትምህርቱ በኋላ ጥያቄ አለ፣ ካልመለሱ አያሳልፍም። ሌላም ገጽ ነበረ፤ ቅጠል በማጉያ መነጽር የሚታይበት፣ በጣት ሲነኩት እየሰፋ እየሰፋ የሚሄድ።

ችግሩ ኔትወርክ ነው። በዚያ ሰፈር ኔትወርክ ያለው ባህር ዛፉ ስር ብቻ ነው። ስለዚህ አስካለ ስልኳን በሲባጎ አስራ እዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እያንጠለጠለች፣ ባዶ ባልዲዋን ደፍታ እየተቀመጠች ተማረች። አትሳቁ፤ እናንተስ ብትሆኑ የት ልትሰቅሉት ኖሯል?

ቅጠል አፍ እንዳለው ተማረች፤ ስቶማታ ይባላል፣ ዛፉ ሲጠማው ይዘጋዋል። ውሃ ከስር ተስቦ ወጥቶ በዚያ አፍ ወደ ሰማይ እንደሚተን ተማረች። ቅርንጫፉም ወደ ስልኩ ጎንበስ፣ ጎንበስ እያለ መጣ። እሷ መልስ ስትሳሳት አንድ ቅጠል ይወርድና ትክክለኛውን ይነካል። መጀመሪያ ንፋስ ነው አለች። ንፋስ በሌለበት ቀን ሲነካላት ግን «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ዛፉ ቀለሜ ተማሪ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። ከቅርፊት ስር ስላለው ልጥ የሚያስተምረው ቪዲዮ ሲመጣ ቅጠሉ ወርዶ አሳለፈው። መለሰችው። አሳለፈው። መለሰችው። ቅርንጫፉ ስልኩን ከነሲባጎው ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ባትሪው ሲያልቅ አወረደላት። አስካለ ስልኳን ፈትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ቅዳሜ ሽማግሌ ተቀመጠ። የተቀመጠው ባህር ዛፉ ስር ነው፤ ሰፈሩ ሌላ ጥላ የለውም። አስካለም ስልኳን እንደ ወትሮው ቅርንጫፉ ላይ ሰቀለች። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዘርጋው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ዛፉን ጠየቁ።

«የዚህችን ሴት ጉድጓድ ጠጥተሃል?»

ባህር ዛፉ መናገር የተማረው ከቪዲዮው ስለሆነ የመለሰው በመምህርቷ ድምፅ ነው።

«ውድ ተከታታዮቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዎ፣ ጠጥቻለሁ።»

«እንግዲያው መልስላት።»

«እኔ ጋ የለም። በቅጠሌ አፍ ወደ ሰማይ ልኬዋለሁ። ትምህርት ሦስት ላይ በሰፊው አይተነዋል።»

ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። አንዲት ደመና ወደ ሌላ ወረዳ እየሄደች ነበር።

«ይሄስ እውነቱን ነው» አለ አቶ ሽመክት።

«አንተ ዝም በል፤ አድጓል ብለህ የለ!» አሉት ጋሽ ዘርጋው። ወደ ዛፉ ዞሩ። «በል ያለፈው አለፈ። ከእንግዲህ ተዋት።»

«አልተዋትም። መቁረጥ ትችላላችሁ፤ መልሼ አቆጠቁጣለሁ። ትምህርቱን ከወደዳችሁት ላይክ ማድረግ አትርሱ።»

አስካለ ተነሳች። ከኪሷ ከሰል አወጣችና ግንዱን እየዞረች ወገቡ ላይ ጥቁር ቀለበት አሰመረችበት።

«ምግብህ ከቅጠል ወደ ስር የሚወርደው በልጥህ ነው» አለችው። «እዚህ ጋ ዙሪያህን በቢላዋ ከላጥኩህ ስርህ በረሃብ ያልቃል። የሞተ ስር አያቆጠቁጥም።»

ንፋስ አልነበረም። ቅጠሎቹ ሁሉ ባንዴ ወደ እሷ ዞሩ።

«ይህ ትምህርት እዚህ አልታየም» አለ ባህር ዛፉ። «የት አየሽው?»

«አስፋልቱ ጋ ያለው ሻይ ቤት ዋይፋይ አለው። እግር አለኝ፤ ሄጄ አየሁት።»

ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንፏቀቀ። ከመሶብ እጁን እንደሚሰበስብ እንግዳ፣ ስሩ ቀስ ብሎ ተስቦ ወጣ፤ ከኋላውም ውሃ ሲንዶቀዶቅ ተሰማ። አቶ ሽመክት ሮጦ አይቶ «እየሞላ ነው!» አለ። ሽማግሌዎቹ አበቃ ብለው ሱሪያቸውን እያራገፉ ተነሱ።

«ውድ ተከታታዮቻችን» አለ ባህር ዛፉ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «እግር እንዴት እንደሚበቅል የሚያስተምር ቪዲዮ አለ?»

ሁሉም ቁልቁል አዩ። ከግንዱ ግርጌ አፈሩ ተሰንጥቆ ሁለት ስሮች ጎን ለጎን ወጥተዋል። ጫፋቸው አምስት አምስት ቦታ ተከፍሏል። የግራው ትንሿ ጣት ትንቀሳቀሳለች።

አስካለ ስልኳን ከቅርንጫፉ ፈትታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«አለ» አለችው። «ስልኩ ግን የኔ ነው።»